መሥመር ያልተሰመረለት አሸዋ

ፈረንሳይና ሞሮኮ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 1845 በላላ መግኒያ የተፈራረሙት ውል ከሜዲትራንያን ባሕር ተነሥቶ እስከ ተኒየት ሳሲ ድረስ ድንበር ከለለ፤ ከዚያ በስተደቡብ ግን መሥመር አላሰመረም። ምድሩ አይታረስም፣ የሁለቱም ወገን ዘላኖች እንስሶቻቸውን የሚያሰማሩበት ነውና ወሰን አያሻውም ይላል። በመሥመር ፈንታ የጎሳዎችና የበረሃ መንደሮች ስም ተዘርዝሮ እነዚህ ለዚህ፣ እነዚያ ለዚያ ተባለ። ቅኝ ገዢ ከጻፋቸው ውሎች መካከል የእረኛን አኗኗር እንዲህ ያከበረ ማግኘት ያዳግታል፤ ያከበረውም ከአስተዋይነት ሳይሆን ከአሸዋው በታች ምን እንዳለ ገና ስላላወቀ ነው።

ቆይቶ አወቀ። ፈረንሳይ ወደ በረሃው እየገፋች ስትሄድ ለአስተዳደሯ የሚመቻትን መሥመር በ1912 አንድ፣ በ1938 ሌላ አሰመረች፤ ሁለቱም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። አልጄሪያን እንደ ራሷ አገር፣ ሞሮኮን ግን እንደ ጥገኛ ግዛት ትቆጥር ስለ ነበር የሚሰፋው የአልጄሪያ ወገን ሆነ። ቲንዱፍን በ1934 ያዘች፤ በዚያው አካባቢ በጋራ ጀቢለት ከፍተኛ የብረት ማዕድን በ1952 ተገኘ። ሞሮኮ ነፃ በወጣችበት በ1956 ደግሞ የኢስቲቅላል ፓርቲ ጋዜጣ «አል-ዐለም» የ«ታላቋን ሞሮኮ» ካርታ አተመ፤ ሞሪታንያን በሙሉ፣ ከአልጄሪያና ከማሊም ሰፊ መሬት ያጠቃለለ ነበር። ካርታ ሥዕል ብቻ ነው የሚል ሠዓሊ ቢኖር ይህን ይመልከት።

የሚያሳዝነው ተዋጊዎቹ ባዕዳን አለመሆናቸው ነው። የአልጄሪያ ነፃ አውጪ ጦር በኡጅዳ፣ በሞሮኮ ምድር፣ ሠፍሮ ታግሏል። የፕሬዚዳንት አሕመድ ቤን ቤላ ወላጆች ራሳቸው ከሞሮኮ የመጡ ነበሩ። ንጉሥ ሐሰን 2ኛና የአልጄሪያ ጊዜያዊ መንግሥት መሪ ፈርሐት ዐባስ በጁላይ 1961 የድንበሩ ጉዳይ ከነፃነት በኋላ በድርድር እንዲታይ ተስማምተው ነበር። በ1962 ነፃነት ሲገኝ ግን አዲሱ የሶሻሊስት መንግሥት በሰማዕታት ደም የተገኘ መሬት አይቆረስም አለ፤ ዘውዱም ቃል ፈረሰ አለ።

ኦክቶበር 8 ቀን 1963 የአልጄሪያ ወታደሮች ሐሲ በይዳንና ቲንጁብን አጠቁ። «ሐሲ» በዚያ አገር የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ለጉድጓድ ውኃ ሰው ሞተ። ሞሮኮዎች ከ6 ቀን በኋላ ቦታዎቹን መልሰው ያዙ፤ ውጊያውም ወደ ፊጊግ አካባቢ ተዛመተ። ኩባ ታንክና ወታደር ለአልጄሪያ ብትልክም ጦሯ ከመዋጋቱ በፊት ተኩሱ ቆመ።

ከመድፉ ይልቅ የሠራው አንድ ቃል ነው። ቤን ቤላ በአልጀርስ ለተሰበሰበው ሕዝብ «ሐግሩና!» ብሎ ጮኸ። ቃሉ ጉልበተኛ በደካማው ላይ የሚያደርሰውን ንቀትና ግፍ ባንድ ላይ ይይዛል፤ በአማርኛ «ናቁን፣ ደፈሩን» ቢባል እንኳ ግማሹ ይቀራል። በካቢሊያ ከሴፕቴምበር 29 ጀምሮ በመንግሥት ላይ ካመፁት አንዱ የነበሩት ኮሎኔል ሞሐንድ ኡልሐጅ ሰዎቻቸውን ይዘው ወደ ግንባር ዘመቱ። በሌላው ወገን ጦርነቱን ከውጭ አገር ሆኖ ያወገዘው ሞሮኳዊው መሕዲ ቤን ባርካ በሌለበት ሞት ተፈረደበት። ያው ጦርነት አንዱን አማፂ ዘማች፣ ሌላውን ተቃዋሚ ከሐዲ አሰኘ።

የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ ገና 5 ወሩ ነበር። ዐፄ ኃይለ ሥላሴና የማሊው ፕሬዚዳንት ሞዲቦ ኬይታ ሁለቱን መሪዎች በባማኮ አገናኙ፤ ኦክቶበር 30 ቀን ተኩስ የማቆም ስምምነት ተፈረመ። በኖቬምበርም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው ኢትዮጵያ ያለችበት የ7 አገሮች ኮሚሲዮን አቋቋሙ። አስታራቂው ከጉዳዩ ገለልተኛ ነበሩ ማለት ግን አይቻልም፤ ኢትዮጵያ ራሷ ከሶማልያ ጋር የድንበር ክርክር ነበረባት፤ በ1964 መጀመሪያም ተዋጋች። የዚያው ዓመት የካይሮ ጉባኤ ነፃነት ሲገኝ የነበረው ድንበር እንዲከበር ሲወስን አዲስ አበባ የፈለገችውን አገኘች፤ ቅኝ ገዢው ያሰመረውም መሥመር የአፍሪካ ሕግ ሆነ። ከዚህ የተሻለ መፍትሔ ያኔ ማን ነበረው? ይሁን እንጂ ዋጋውን የከፈለው እረኛውና ገበሬው ነው።

ቲንዱፍን ለአልጄሪያ የተወው ውል በራባት ሰኔ ወር፣ በጁን 15 ቀን 1972 ተፈረመ፤ ሞሮኮ ያጸደቀችው በ1989 ነው። የየብስ ድንበሩ በ1994 ተዘጋ፤ አልጄሪያም በኦገስት 2021 ግንኙነቷን አቋረጠች። በዚያው ዓመት ከመሥመሩ ማዶ ባለው በአል-ዐርጃ ቴምር የሚያለሙ የፊጊግ ገበሬዎች ተክላቸውን ለቀው እንዲወጡ ከአልጄሪያ ባለሥልጣኖች ታዘዙ። የተሰጣቸው የመጨረሻ ቀን ማርች 18 ነበር፤ የላላ መግኒያ ውል የተፈረመበት ዕለት።