ስድስት ፓውንድና የደመወዝ ልዩነት፦ ከብሪታንያ የኮምፒውተር ታሪክ አንድ ምዕራፍ



ሴቶች ለምን የራሳቸውን ድርጅት ይመሠርታሉ ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዘውትሮ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ተቀጥረው የሚያገኙት ደመወዝ ከወንዶቹ ስለሚያንስ ነው ይባላል። መልሱ ስሕተት ባይሆንም ጎደሎ ነው። ጉድለቱን ለማሳየት የዴም ስቴፋኒ ሸርሊን ድርጅት መርጫለሁ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወንድና ሴት በአንድ የሥራ ደረጃ ላይ ሆነው በሁለት የደመወዝ እርከን ይከፈላቸው ነበር። እኩል ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1961 ቀስ በቀስ ተፈጻሚ ሆነ። ሆኖም የስሌት ማሽኖችን የሚያንቀሳቅሱት ሠራተኞች ከዚህ ውጭ ቀሩ። የታሪክ ተመራማሪው ማር ሂክስ በሰፊው እንዳሳዩት፣ በሥራው ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ሴቶች በመሆናቸው የሚነጻጸሩበት የወንድ ደመወዝ የለም ተብሎ ነበር። ልዩነቱ ራሱ ለልዩነቱ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው።

ሸርሊ እ.ኤ.አ. በ1939 ከናዚ አገዛዝ ለማትረፍ ወደ እንግሊዝ ከተላኩት ሕፃናት አንዷ ነበሩ። በ18 ዓመታቸው በሎንዶን በፖስታ መሥሪያ ቤቱ የምርምር ጣቢያ ተቀጠሩ፤ ማታ ማታ ሒሳብ ተማሩ። በኋላ በገቡበት የግል ኩባንያ ስለ ምርት ዋጋ ሐሳብ ሲሰጡ፣ ጉዳዩ የባለሙያ ሴት እንዳልሆነ ተነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሥራቸውን ለቀው፣ በስድስት ፓውንድ፣ በቤታቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ የፕሮግራም ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። እንግዲህ ያስወጣቸው የደመወዙ መጠን ብቻ አልነበረም፤ ዋጋ ከሚተመንበት ውይይት መገለላቸውም ነው።

ጎደሎ ያልኩት መልስ የሚዘነጋው ሌላም ነገር አለ። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ልጅ ወልደው ከሥራ የራቁ ባለሙያዎች። ከስድስቱ ፓውንድ ይልቅ የድርጅቱ እውነተኛ ካፒታል እነዚህ ሌላው ቀጣሪ ዋጋ የነፈጋቸው ሴቶች ነበሩ። ሐቁ ደስ አያሰኝም፤ የሥራ ገበያው ፍትሐዊ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ችሎታ በየቤቱ ተቀምጦ ባልተገኘ ነበር። የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መረጃ መዝጋቢ ፕሮግራም የተጻፈው በእነዚሁ ሴቶች፣ በየቤታቸው ነው። (ሸርሊ ደንበኞች ለደብዳቤያቸው መልስ እንዲሰጡ «ስቲቭ» ብለው ይፈርሙ እንደነበርም እናስታውስ።)

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1975 ሁለት ሕጎች በአንድ ቀን ሥራ ላይ ዋሉ። አንደኛው እኩል ክፍያን አስገደደ፤ ሁለተኛው በጾታ ማበላለጥን ከለከለ። ሁለተኛው ሕግ ለሴቶች ቅድሚያ ይሰጥ የነበረውንም ድርጅት ነካውና ሸርሊ በሩን ለወንዶች ከፈቱ። ከዚያ በኋላ ከድርጅቱ ሩቡን ድርሻ በራሳቸው ኪሳራ ለሠራተኞቹ አስተላለፉ። እ.ኤ.አ. በ1996 ኩባንያው ለአክሲዮን ገበያ ቀረበ፤ ሰባ የሚሆኑ ሠራተኞችን ባለ ሚሊዮን ያደረጋቸውም ከደመወዛቸው ይልቅ ይህ የባለቤትነት ድርሻ ነበር።