አዳሬ ወዴት ነው?

ባለፈው እሑድ አምስት ሆነን ከሀዋሳ ወጣን። ፈተናው አልቋል፤ «እስቲ ደግሞ ጸጥ ያለ የባላገር መንደር እንይ» ተባባልን። በአላሙራ ተራራ ሥር አድርገን በእግር ሄድን። ሐይቁ ከኋላችን ተዘርግቷል፤ ባሕር ለማናውቅ ለእኛ ባሕራችን እሱው ነው።

መንደሩ እንዳሰብነው ነበር። ክብ የሣር ቤቶች፣ በየጓሮው እንሰት፣ ከብት የሚጠብቁ ልጆች። አንዳችን «እዚህስ ታሪክ የሚባል ነገር ዝር አላለም» ሲል ሁላችንም ሳቅን። ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አየንና «ኬሬ» አልናቸው፤ በሲዳምኛ ሰላም ማለት ነው። ከየት እንደመጣን ጠየቁን።

«ከሀዋሳ ነን፣ አባባ።»

«አሃ፣ ከአዳሬ!» አሉና ቆጮ በወተት አስቀረቡልን።

ከጉዞው ሁሉ አብራን የተመለሰችው ይህች አንዲት ቃል ናት። አዳሬን የምናውቀው በሆስፒታሉ ስም ነው። ለካስ ከተማችን ሳትቆረቆር በፊት የቦታው መጠሪያ እሱ ኖሯል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1880ዎቹ ሲዳማ በምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ ወዲህ ገበሬው ገባር ሆነ። የገዥዎቹ መቀመጫ ሌላ ስፍራ ነበርና አዳሬ የሲዳማ ከብት የሚውልበት ሜዳ ሆኖ ቆየ። በ1952 ዓ.ም. ግን እዚያው ሜዳ ላይ ከተማ ተቆረቆረ። ጡረታ የወጡ ወታደሮች ሰፈሩበት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በሐይቁ ዳር ቤተ መንግሥት አሠሩ። ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚሁ ዞረ። ነባሩ ሰው ደግሞ ወደ ዳር፣ ወደ ዳር ተገፋ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ገባርነት ቀረ፤ ሜዳው ግን እስከዚያ ከተማ ሆኖ ነበርና ወደ ግጦሽነቱ አልተመለሰም።

በመንገድ ላይ ተከራከርን። አንዱ «ታዲያ ከተማው ባይኖር የት እንማር ነበር? የመንደሩስ ልጆች የት ይታከሙ ነበር?» አለ። እውነት አለው። ሌላው «ጥቅሙን ስንቆጥር የከፈለውንም ሰው እንቁጠር እንጂ!» ብሎ መለሰለት። ይህም እውነት ነው። አያቱ ከሰፈሩት ወታደሮች አንዱ የነበሩት ጓደኛችን ግን እስከ ከተማ ድረስ ቃል አልተነፈሰም። እሱን መውቀስ አይገባም፤ አያቱም ቢሆኑ የታዘዙ ደኻ ወታደር ነበሩ። ዳሩ ግን ዝም ማለቱ ከእኛ ሳቅ የተሻለ ነበር።

ታሪክ በመጽሐፍ ብቻ የሚኖር ይመስለናል። የሲዳማ አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው የፍቼ ጫምባላላን ቀን የሚቆርጡት ከአባቶቻቸው በተማሩት ነው፤ በዓሉን ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. የመዘገበው ይህ ሁሉ ዘመን በቃል ከኖረ በኋላ ነው። ሽማግሌውም አዳሬን ጽፈው አላስቀመጡም፤ ጠሩት እንጂ። መንደሩን ጸጥ ያለ ያሰኘው የእኛ አለመጠየቅ ነው።

ሲመሽ ባጃጅ ያዝን። «ወዴት?» አለ ሾፌሩ። ያ ዝም ያለው ጓደኛችን «አዳሬ» ብሎ መለሰ።

ሾፌሩ ዞር ብሎ አየንና፣ «ምነው፣ ማን ታመመባችሁ?» አለን።