እርጥብ ሣር የያዙት ሽማግሌዎች

ስሙኝማ ወገኖቼ፣ ጊዜ ካላችሁ ተቀመጡና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የቅርብ ዘመን ነገር ነው፤ ገሚሶቻችሁ በዐይናችሁ ያያችሁት፣ ገሚሶቻችሁም በወሬ የሰማችሁት ነው፤ ዳሩ ግን የሰሙትን ነገር መልሶ መስማት በእኛ አገር ነውር የለበትም።

ዱከም፣ እንደምታውቋት፣ የመንገድ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወጥቶ 37 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ሰው፣ በአንድ ወገን የረርን፣ በሌላው ወገን ዝቋላን እያየ፣ የጤፉን ማሳ ለሁለት ከፍሎ መጥቶ ሥጋ ቤቶቹ ከተደረደሩበት ጎዳና ሲደርስ ዱከም ገባ ማለት ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ጥሬ ሥጋውን ይቆርጣል፣ ሹፌሩ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርጋል፣ ከዚያም ሁሉም ወደየመንገዱ፤ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ ወደ ባሌ፣ ሌላው ደግሞ ሞጆ ላይ ታጥፎ በዝዋይ፣ በሻሸመኔ፣ በሶዶ እያለ አርባ ምንጭ ድረስ ይወርዳል፤ ከአዲስ አበባ ቢለካ ወደ 500 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። በሰበታ በኩል የወጣው ደግሞ ዓለም ገናን አልፎ፣ ቡታጅራንና ሆሳዕናን ይዞ እዚያው ሶዶ ላይ ይገናኘዋል።

ታዲያ መስከረም በጠባ ቁጥር በነዚህ መንገዶች ላይ የሚበዛ አንድ ተጓዥ አለ። የጋሞ ሰው ነው። ከዶርዜ፣ ከጨንቻ፣ ብርድና ቀርከሃ ከማይለየው ደጋ ገና በልጅነቱ ወጥቶ፣ ሽሮ ሜዳ ወይም ቡራዩ ቤት ተከራይቶ፣ እግሩን ከሸማ ጉድጓዱ ሰዶ፣ መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረውር ዓመቱን የሚያሳልፍ ሸማኔ፣ ለመስቀል አገሩ ካልገባ ዓመቱን ዓመት አይለውም። ሳንቲም በሳንቲም ላይ ያጠራቅማል፣ ለእናቱ ነጠላ ይሠራል፣ ለበሬው ማዋጫ ይይዛል፣ ከዚያም ዝናቡ ሲያባራ፣ አደይ ሜዳውን ሲያለብሰው፣ ጓዙን ጠቅልሎ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል።

በ2011ም እንዲሁ ለመውረድ ሲሰናዳ ነበር፤ መስቀል ሊደርስ ሁለት ሳምንት አልቀረውም። ያን ሰሞን አገሩ ሁሉ በእንግዳ አቀባበል ላይ ነበር፤ በስደት የኖሩት ድርጅቶች ተራ በተራ እየገቡ፣ መስከረም 5 ቀን መስቀል አደባባይ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር መሪዎችን ሊቀበል በወጣ ሕዝብ ሞልቶ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀናትም ወጣቱ በባንዲራ ቀለም ተካርሮ፣ ደስታና ቁጣ አንድ ጎዳና ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሄዱ ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ከመስከረም 4 እስከ 6 ባሉት ቀናት፣ በቡራዩና በአሸዋ ሜዳ፣ ዱላና ስለት የያዘ ሰው ተሰብስቦ በየቤቱ ገባ። ጋሞው፣ ዶርዜው፣ ጉራጌው፣ ወላይታው ጎረቤት ሆኖ ከኖረበት ደጃፍ ተመታ፣ ንብረቱ ተዘረፈ፣ ሴቶች ተደፈሩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 58 ሰው መሞቱን አስታወቀ። ሺዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ኮልፌ ሸሹ፣ ትምህርት ቤትም መጠለያ ሆነላቸው። ለእናት የተሠራው ነጠላ የት እንደ ወደቀ ማን ይጠይቃል?

የመቺዎቹን ብሔር አልጠራም። የሚጠሩ ሞልተዋል። ብሔር እጅ የለውም፤ ዱላ የሚያነሳ እጅ የሰው እጅ ነው፣ ባለቤቱም ስም አለው፣ ሊጠየቅ የሚገባውም በስሙ ነው። ግን ያ ሰው ብቻውን ቢሆን ኖሮ የጎረቤቱን በር ይሰብር ነበር ወይ ብዬ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። እኔ እንጃ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ሲባል አድገናል፤ ለደቦ፣ ለዕድር፣ ለሠርግ እውነት ነው። ደም ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም። ሃምሳ ሰው አንድ ሰው ቢገድል እያንዳንዱ የሃምሳኛ እጅ በደል ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም፤ እያንዳንዱ ሙሉውን ይዞ ይገባል። ሕዝብ መሐል የቆመ ሰው የሚስተው ይህንን ነው፤ የጎኑን ሰው አይቶ፣ የጎኑም ሰው እሱን አይቶ፣ ሁሉም ሌላው ፈቅዷል ብሎ ይሄዳል።

ወሬው ታዲያ በስልክ አርባ ምንጭ ከመኪናው ቀድሞ ገባ። መስከረም 7፣ ሰኞ ቀን፣ አዲስ አበባም አርባ ምንጭም ሰልፍ ወጡ። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ቀን 5 ሰው መሞቱን ፖሊስ ተናገረ። አርባ ምንጭ ደግሞ፣ አባያና ጫሞ ከታች ተኝተው፣ የጋሞ ተራራ ከላይ ቆሞ፣ ከተማይቱ የልጆቿን ሞት የሰማችበት ቀን ነበር። ወጣቱ ተቆጣ። ቢቆጣስ ማን ይፈርድበታል፤ አጎቱ፣ ወንድሙ፣ የጎረቤቱ ልጅ ነው የተመታው። ግን ቁጣው መንገድ ሲፈልግ፣ ቡራዩ 500 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የመታውም ሰው በዚያው ርቆ፣ በቅርብ የተገኘው እዚያው አርባ ምንጭ የሚኖር፣ ቡራዩን ምናልባትም ረግጦ የማያውቅ ኦሮሞና ንብረቱ ሆነ። ወጣቱ ተሰብስቦ ወደዚያ ገሰገሰ።

እዚህ ላይ ቀስ እንበል።

የጋሞ ሽማግሌዎች ወጡ። ዱላ አልያዙም፣ ፖሊስም አላስከተሉም። እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው፣ ከሚጎርፈው ወጣት ፊት መንገዱ ላይ ቆሙ፤ ከዚያም ተንበረከኩ። ጉልበት የከዳው አዛውንት አስፋልት ላይ ሲንበረከክ ምን ያህል እንደሚዘገይ ታውቃላችሁ፤ መጀመሪያ አንዱን እጅ መሬት ያስይዛል፣ ከዚያ አንዱን ጉልበት፣ ከዚያ ሌላውን፣ ከዚያ ቀና ብሎ ያያል። ልጆቻቸውን ከታች ወደ ላይ እያዩ፣ ሣሩን ዘርግተው፣ ተመለሱ ብለው ለመኑ። በጋሞ ወግ አባት እርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ እሱን አልፎ የሚሄድ የለም፤ ያለፈ ሰው በራሱም በዘሩም ላይ ጎሜ ይጠራል፣ በደሉ ምድሪቱን ያስኮርፋል፣ ዝናብ ይከለክላል ይባላል። እና ወጣቱ ቆመ። ቆመና ተመለሰ። በዚያ ቀን በአርባ ምንጭ ሊፈስ የነበረው ደም ሳይፈስ ቀረ።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ሕግ የት ነበር? የመንግሥቱን ሕግ ማለቴ ነው። መጽሐፉ ላይማ ነበር። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 ሕይወቱ ከባድ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው ሳይረዳ የተወ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል፤ ግን አንድ ነገር አብሮ ይላል፤ ረጂው በራሱም ሆነ በሌላ ሰው ላይ አደጋ ሳያመጣ መርዳት ሲችል ነው። ጥሩ ሕግ ነው፣ ልክም አለው፤ አደጋ ሲመጣ በርህን ዘግተህ ብትቀመጥ ዳኛ አይጠይቅህም። በተቆጣ ሕዝብ ፊት ተንበርከክ ብሎ የሚያዝ አንቀጽ የለም። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን የባህል ዳኝነትን በአንቀጽ 34 ሲፈቅድ ለግልና ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ያውም ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ብቻ ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ታዲያ በማን ሥልጣን መንገድ ዘጉ? ማንም አልሾማቸውም። ማንም ድምፅ አልሰጣቸውም። ድምፅ ቢሰጥማ ኖሮ፣ በዚያች ጎዳና ላይ፣ በዚያች ሰዓት፣ አሸናፊው ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው።

ኅሊና ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ኅሊና ነው እላለሁ፤ ግን አንድ ሽማግሌ ጠዋት ተነሥቶ በልቡ የሰማው ድምፅ ብቻ አልነበረም። ጋሞ በየደሬው፣ በየአገሩ ማለት ነው፣ ዱቡሻ የሚባል የሸንጎ ሜዳ አለው። ሰው እዚያ ይቀመጣል፣ ሽማግሌ መርቆ ይከፍታል፣ ከዚያ ነገሩ ይነገራል፣ ይመለሳል፣ ይገለባበጣል፤ እጅ ተቆጥሮ ይህን ያህል ለዚህ ይህን ያህል ለዚያ ተብሎ አይበተንም፤ እስኪስማሙ ድረስ ይነጋገራሉ፣ ዛሬ ካልሆነ ሌላ ቀን ይመጣሉ። በዚያ ሜዳ ላይ ለብዙ ትውልድ የተስማሙበት ነገር ነው በዚያ ሰኞ አስፋልት ላይ የወጣው። ወጣቱም ያንን ያውቅ ነበር፤ ባያውቅ ኖሮ ሣሩ ሣር ብቻ ሆኖ ይረገጥ ነበር። ከልጆቹ አንዱ እንኳ ዘሎ ቢያልፍ ሌላው ሊከተለው ይችል ነበር። አላለፉም። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ሲያመሰግኑ ወጣቶቹን መርሳት ለእኔ ግፍ ነው፤ በቁጣ ላይ ሆኖ ጉልበቱን የገታ ወጣት ከተንበረከከው አባቱ ያነሰ ሥራ አልሠራም። ያ ሕዝብ የአንድ ሰዓት ቁጣው ወደ አንድ ወገን ሲጎትተው፣ ራሱ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የወሰነው ውሳኔ ወደ ሌላ ወገን ሳበው፤ ሽማግሌዎቹ የሠሩት ያንን ማስታወስ ነው።

ወግን ግን አላመልክም። የዚያው ዱቡሻ ሜዳ ሸክላ ሠሪውን ማናና ቆዳ ፋቂውን ደጋላ ከሸንጎው አርቆ ኖሯል፤ ሴቶችም አይቀመጡበትም ነበር። ያም በስምምነት ነው፤ የተስማሙት ግን የተቀመጡት ናቸው፣ ከውጭ የቆመውን የጠየቀ አልነበረም። በሌላው የአገራችን ክፍልም አውጫጭኝ ነበረ፤ ሌባ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ወንጀለኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ እንዳይገባ የሚከለከልበት። ሰው ሲርበውና ሲበርደው የማንን ስም እንደሚጠራ እናንተው አስቡት፤ ዘመድ የሌለውን፣ መጻተኛውን ነው የሚጠራው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስለተስማማበት፣ ዘመንም ስላስቆጠረ ብቻ ትክክል ነው አልልም። እነዚያ አባቶች ወደ ወጣቶቹ ያዞሩት ዓይን አንዳንድ ጊዜ ወደ ወጉ ወደ ራሱም መዞር አለበት።

የመንግሥት ሕግስ? መጣ፣ ዘግይቶ መጣ፤ ከመጣ በኋላ ደግሞ አብዝቶ መጣ። ቡራዩ ላይ ሰው ሲጮህ ያልደረሰ ኃይል፣ በቀጣዩ ሳምንት አዲስ አበባ ላይ ወጣት ለቅሞ፣ ከ1000 የሚበልጡትን ፍርድ ቤት ሳያቀርብ ጦላይ ካምፕ ወስዶ አንድ ወር ያህል አስቀመጣቸው፣ ከዚያም ሥልጠና ሰጥቼ ለቀቅሁ አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ደግ አደረገ ብሎ ነበር፤ ከተማው ፈርቷል፣ የፈራ ሰው ደግሞ ለማን ዋስትና እንደሚነፈግ አይመርጥም። እኔ ግን ክስ የሌለውን ሰው ካምፕ ማስገባት ያን ጊዜም ዛሬም ስሕተት ነው እላለሁ፤ የፈራው ሕዝብ ብዛት ነገሩን ሕጋዊ አያደርገውም።

ከዚያ መስቀል አለፈ። በሚቀጥለው እሑድ፣ መስከረም 20፣ የቢሾፍቱ ኢሬቻ ነበር። ዱከም ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ ከሌሊት ጀምሮ ነጭ የለበሰ ሕዝብ ከሰበታ፣ ከቡራዩ፣ ከሱሉልታ፣ በመኪናም በእግርም፣ በዚህችው ጎዳና ወደ ሆራ አርሰዲ ይጎርፋል። ሁሉም በእጁ አንድ ነገር ይይዛል፤ እርጥብ ሣር፣ ከአደይ አበባ ጋር። ኦሮሞም ለፈጣሪው ምስጋናና ለሰው ሰላም ሲል ያንኑ ሣር ይነቅላል። ኦሮሞም ቢሆን የራሱ የተንበርካኪ ወግ አለው፤ እናቶች ሲንቄ የሚባለውን በትራቸውን ይዘው በሁለት ጠበኞች መሐል ከገቡ የተነሣው ዱላ ይወርዳል። ቡራዩ ላይ በዚያ ሦስት ቀን የጠፋው ሣሩ ወይም በትሩ አልነበረም፤ ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣ በቂ ሰው ነው የጠፋው። በእንዲህ ያለ ቀን ጎረቤቱን እንደ ቤተሰቡ ቆጥሮ የሚደብቅ ሰው አይጠፋም፤ አደባባይ ለመውጣት ግን ብዙ ሆኖ፣ አስቀድሞ ተነጋግሮ፣ ተለማምዶ መገኘት ይፈልጋል።

በ2013 የኦሮሚያ ክልል የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 240 አቋቁሟል፤ ሽማግሌው ወንበር አግኝቷል ማለት ነው። ወንበሩ ለወሰን ጠብና ለከብት ጉዳይ ይጠቅማል። ለመስከረም 4 ዓይነት ቀን ግን ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው አይበቃም። ስለዚህ እናንተ፣ ዱከምም፣ ቡራዩም፣ ሰበታም፣ ሱሉልታም ያላችሁ፣ በሰፈራችሁ ሕዝብ ሲቆጣ ማን ፊት እንደሚወጣ ዛሬ ጠይቁ፤ ዕድሩ ስብሰባ ላይ አንሡት፣ የኦሮሞውንም፣ የጋሞውንም፣ የጉራጌውንም፣ የአማራውንም ሽማግሌ አንድ ላይ አስቀምጡና በስማቸው መዝግቧቸው፤ ስልካቸውንም ያዙ።