የሩቦ የአናጢ ጠረጴዛ

የፓሪሱ አናጢ አንድሬ ዣኮብ ሩቦ (1739–1791 እ.ኤ.አ.) ከ1769 ጀምሮ ባሳተመው «የአናጢነት ጥበብ» የገለጸው የእንጨት ሥራ ጠረጴዛ ነው። ብርታቱ ክብደቱ ነው፦ ገበታው ከ13 እስከ 16 ሳንቲ ሜትር የሚወፍር ወጥ ሳንቃ ስለሆነ መላጊያ ሲገፉበት አይነቃነቅም። እግሮቹ ያለ ብሎን፣ በወንዴና ሴቴ ገበታውን ዘልቀው ይገባሉ። የፊቶቹ ከገበታው ጠርዝ እኩል ይቆማሉና ረጅም ጣውላ አስደግፎ ጠርዙን መላግ ይቻላል፤ ገበታቸው ከእግራቸው አልፎ የሚወጣ ጠረጴዛዎች ይህን ጥቅም በከንቱ ያጡታል። የሚሠራውን እንጨት በገበታው ቀዳዳ የሚገባ ቆልማማ ብረት ይይዘዋል። አናቱን በመዶሻ ሲመቱት ዘንጉ ቀዳዳው ውስጥ ጋደል ብሎ ይነክሳል፤ ለማላቀቅ ከኋላው መታ ማድረግ ይበቃል። ዛሬ ወፍራም ሳንቃ ያጣ ሰው ቀጫጭን ጣውላዎችን ጎን ለጎን በኮላ አጣብቆ ገበታውን ይሠራል።