ከተልባ ዘይት የተወለደው ወለል

ስለ ቤት የሚጻፍ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የጣሪያና የግድግዳ ታሪክ ነው። ሁሉን የተሸከመው ወለል ግን ጸሐፊ የለውም። በእኛ አገር እንኳ የገጠሩ ቤት በእበት ሲለቀለቅ፣ በዓል ሲደርስም ቄጤማ ሲጎዘጎዝበት፣ ከተሜው ደግሞ ጣውላውን፣ ሊሾውን፣ ሴራሚኩን ሲያፈራርቅ፣ ነገሩን ከቁም ነገር ቆጥሮ በብራና ያሰፈረ ብዙ አላየሁም።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የሳበኝ የጽሕፈት ክፍሌ ነው። ሊሾው ተሰነጣጥቆ አቧራ እየተፋ መጻሕፍቴን አስቸገረ። ሴራሚክ ለማስነጠፍ ኪሴ አልፈቀደም፤ ስለዚህ በሜትር እየተቆረጠ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ምንጣፍ ገዝቼ በገዛ እጄ አነጠፍሁት። ሥራው ቀላል ነው፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ ደፍኖ እስኪደርቅ መታገሥ፣ ጥቅሉን ዘርግቶ አንድ ሌሊት ማሳደር (ያላደረ ጥቅል ጠርዙ እየተነሣ ያስቸግራል)፣ ከዚያም የግድግዳውን ጥግ ተከትሎ በስለታም ቢላዋ መቁረጥ። ምንጣፉ ጣውላ መስሎ የተሠራ ነው። የእንጨቱ ጅማትና ጉጥ ሳይቀር ታትሞበታል፤ ጉጡ ግን ጥቂት እርምጃ በተራመዱ ቁጥር ራሱን ይደግማል። ይህ ማስመሰል ከየት መጣ ብዬ ወደ ኋላ ስከተለው ያገኘሁት ተልባን ነው።

በ1850ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ፍሬድሪክ ዋልተን የተባለ እንግሊዛዊ በቀለም ጣሳ ውስጥ ቆዳ የመሰለ ሽፋን ተጋግሮ አየ። የዚያን ዘመን ቀለም የሚበጠበጠው በተልባ ዘይት ነበር። የተልባ ዘይት አየር ሲያገኘው እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም፤ ኦክስጅን እየሳበ ይረጋል፣ ጎማም ይመስላል። ዋልተን የረጋውን ዘይት ከጥድ ሙጫና ከቡሽ ዱቄት ጋር ለውሶ በጆንያ ጨርቅ ላይ ዳመጠው። በ1863 የፈጠራ መብቱን አስከበረ፤ በ1864 ደግሞ ከለንደን በስተምዕራብ በምትገኘው በስቴንስ ኩባንያውን አቋቋመ። ስሙንም ከሁለት የላቲን ቃላት ገጠመው፤ ሊኑም ተልባ፣ ኦሌም ዘይት፤ ሊኖሌም። እኛ በጾም ቀን በጥብጠን የምንጠጣው ተልባ በባሕር ማዶ የወለል ልብስ ሆነ።

የዋልተን ተፎካካሪዎች በስኮትላንድ ነበሩ። የኔርን ኩባንያ ከ1847 ጀምሮ በኪርኮዲ ከተማ ቀለም የተቀባ የወለል ሸራ ይሠራ ነበር። የዋልተን የፈጠራ መብት ዘመኑ ሲያበቃ እነ ኔርንም ያንኑ ዕቃ በዚያው ስም ማምረት ጀመሩ። የዋልተን ኩባንያ «ሊኖሌም የእኔ ስም ነው» ሲል ከሰሰ። በ1878 ዳኛ ፍራይ በከሳሹ ላይ ፈረደ፤ ቃሉ የዕቃው መጠሪያ እንጂ የአምራቹ መለያ አይደለም፤ ዕቃው ሌላ ስም ስለሌለው መብቱ ሲያበቃ ስሙም የሁሉ ነው። ከታሪኩ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። ሰውየው ዕቃውን ሠራ፣ ስም አወጣለት፤ ስሙም በሕዝብ አፍ እጅግ ከመወደዱ የተነሣ ከእጁ አመለጠ። ከቃላት ጋር የሚውል ሰው ይህን ፍርድ በጥቂት ቅናት ያነበዋል።

ኪርኮዲ የተልባ ዘይት የምትሸት ከተማ ሆነች፤ በሜሪ ካምቤል ስሚዝ ግጥም ውስጥ በባቡር የሚጓዘው ልጅ ወደ ከተማዋ መቃረቡን የሚያውቀው በሽታዋ ነው። ሠዓሊዎችም ርካሹን ወለል ፈልፍለው ማተሚያ አደረጉት። ፒካሶ እንኳ በ1950ዎቹ በደቡብ ፈረንሳይ፣ በቫሎሪስ፣ በሊኖሌም ሥዕል አትሟል። ሊኖሌሙ ራሱ ግን በፋብሪካ ሲወጣ እብነ በረድና እንጨት፣ የፋርስም ምንጣፍ እንዲመስል ተደርጎ ነበር፤ ያን ለመግዛት ለማይችል ሰው ቤት።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቪኒል የሚባለው ፕላስቲክ ተስፋፋ። ይበልጥ ያንጸባርቃል፣ ለመወልወል ይቀላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ተልባው ወጣ፣ ቡሹ ወጣ፣ ጆንያው ወጣ፤ ማስመሰሉ ብቻ ቀረ። በብዙ አገር ሕዝቡ ፕላስቲኩንም ሊኖሌም እያለ መጥራቱን ቀጠለ፤ ዳኛ ፍራይ የፈቱት ቃል አሁን ከተልባውም አመለጠ። የስቴንሱ ፋብሪካ በ1970ዎቹ ተዘጋ። በኪርኮዲ ግን እውነተኛው ሊኖሌም ከተልባ ዘይት ዛሬም ይሠራል። ዋጋው ከፕላስቲኩ ይበልጣል፤ ለጽሕፈት ክፍሌም አልደረሰኝም።