የእንግዳው ድስት፦ ለየብቻ ታርዶ አብሮ የተበላበት ታሪካችን



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ከተማ ላደግን ሁሉ የሚታወቅ ነገር ነው። ክርስቲያን ጎረቤታችን ልጁን ሲድር ከዳሱ በአንዱ ወገን ለእኛ የተለየ ቦታ ይኖራል። በጉን የሚያርደው ከሰፈሩ የተጠራ ሙስሊም ነው። ድስቱና ጭልፋው ከሙስሊም ቤት ይመጣል። ወጡን የሚሠሩት የእኛው እናቶች ናቸው። በጠላው ፋንታ ቀሪቦ፣ በጠጁ ፋንታ ብርዝ ይቀርባል። ስለለመድነው ከየት እንደመጣ ጠይቀን አናውቅም።

ዛሬ ግን መጠየቅ አለብን። ምክንያቱም በወጣቱ መካከል ሁለት ድምፆች እየተሰሙ ነው። አንደኛው «ድስት መለየት ኋላ ቀርነት ነው፣ የቀረበላችሁን ዝም ብላችሁ ብሉ» ይላል። ሁለተኛው «ከነጭራሹ ደጃቸውን አትርገጡ» ይላል። ሁለቱም ታሪኩን አያውቁትም ብለን እናምናለን።

*ያልበሉ እንግዶች*

ስለ እንግዳ ስናወራ መጀመሪያ የሚታወሱን ነብዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ናቸው። ቁርኣን እንደሚተርክልን የማያውቋቸው እንግዶች በመጡባቸው ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ የሰባ ወይፈን ጠብሰው አቀረቡ። እንግዶቹ ግን እጃቸውን ወደ ምግቡ አልዘረጉም። መላእክት ነበሩና አይበሉም። ኢብራሂም (ዐ.ሰ) በሁኔታቸው ፍርሃት ተሰማቸው። ያልበላ እንግዳ ባለቤቱን እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ታሪክ እንረዳለን።

ሌላው በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው ታሪክ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በእናታችን በመይሙና (ረ.ዐ) ቤት ሳሉ «ዶብ» የሚባል፣ እንሽላሊት የሚመስል የበረሃ እንስሳ ተጠብሶ ቀረበ። እጃቸውን ሲዘረጉ በቤቱ ከነበሩት ሴቶች አንዷ የሚበሉት ምን እንደሆነ እንዲነገራቸው አሳሰበች። ሲነገራቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ሐራም እንደሆነ ጠየቋቸው። አለመሆኑን፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር የሌለ ስለሆነ ነፍሳቸው እንደማትፈልገው መለሱ። ኻሊድ ወደራሳቸው ስበው እሳቸው እያዩ በሉ።

ልብ በሉ፦ አንዱ በላ፣ አንዱ ተወ፣ ማንም ማንንም አላስገደደም፣ ማንም አላኮረፈም። ይህ ሁሉ በሰላም ያለፈው ግን ድስቱ ውስጥ ያለው ለእንግዳው ቀድሞ ስለተነገረ ነው።

*በሐበሻ ምድር የተበላ ምግብ*

በነብይነታቸው 5ኛ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ ሲሰደዱ የተቀበላቸው ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ከጃዕፈር (ረ.ዐ) ጋር የነበሩት እስከ ኸይበር ዘመቻ፣ እስከ 7ኛው ዓመተ ሂጅራ ድረስ እዚሁ ቆዩ። ከአሥር ዓመት በላይ እንግዳ ሆኖ መኖር ቀላል አይደለም።

የሲራ ጸሐፊዎች እንደሚዘግቡት ነጃሺ እናታችንን ኡሙ ሐቢባን (ረ.ዐ) ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጋቡ 400 ዲናር መህር ከራሳቸው ከፍለዋል። ኒካሑ እንዳለቀ ሶሐቦቹ ሊነሱ ሲሉም በሠርግ መመገብ የነብያት ልማድ መሆኑን ነግረው አስቀምጠው አብልተዋቸዋል። በኋላ ደግሞ የነጃሺ ልዑካን መዲና ሲመጡ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገዛ እጃቸው እንዳስተናገዷቸው ይዘገባል። ሶሐቦች እኛ እንበቃለን ቢሏቸውም፣ ሰዎቹ ባልደረቦቻቸውን ስላከበሩ ውለታውን ራሳቸው መመለስ እንደሚፈልጉ ገለጹ። የአገራችን ሙስሊም ታሪክ የሚጀምረው እንግዳ በመቀበልና ውለታ በመመለስ ነው።

*ሥጋው የሃይማኖት ምልክት የሆነበት ዘመን*

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። የመጽሐፉ ሰዎች ምግብ ለሙስሊም እንደተፈቀደ በሱረቱል ማኢዳ 5ኛው አንቀጽ ተነግሮ የለም ወይ? አዎ ተነግሯል። ነገር ግን ሲታረድ ከአላህ ስም ሌላ የተጠራበትን በተመለከተ ዑለሞች ተወያይተውበታል። ፍርዱን ለእነሱ እንተወው። እኛ የምንናገረው ታሪኩን ነው። በአገራችን ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ወደ ቂብላ ያርዳል፣ ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፣ አንዱ የሌላውን አይበላም። ይህ ልማድ የእኛ ብቻ ሳይሆን የሁለታችንም ነው።

ልማዱን ያጠነከረው ደግሞ ግፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጎንደር ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲኖሩ ወሰነ። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በግንቦት 1870 ዓ.ም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በአፄ ዮሐንስ አራተኛ ትእዛዝ የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ተገደደ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተባሉ። እንደ ሸይኽ ጦልሓ ቢን ጃዕፈር ያሉት ዑለሞች እምቢ ብለው ተነሱ። ቀን ክርስቲያን ማታ ሙስሊም ሆኖ የኖረም ብዙ ነበር።

በዚያ ዘመን ሥጋ ምግብ ብቻ አልነበረም። ክርስቲያን ያረደውን መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር፤ በክርስቲያኑም በኩል እንዲሁ። ስለዚህ አያቶቻችን አንድ ጉርሻ አንበላም ሲሉ ጎረቤታቸውን ንቀው አልነበረም። የቀረቻቸውን አንዲት ምልክት መጠበቃቸው ነበር።

የሚገርመው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው። ቤተ መንግሥት «ብላ» ብሎ ባስገደደበት አገር ጎረቤት «የራስህን ሰው አምጥተህ እረድ» አለ። አዋጅ ሳያስፈልገው፣ በግ ገዝቶ፣ ቢላውን ለሙስሊም አስረክቦ፣ ዳሱን ከፍሎ አስተናገደ። የዛሬው የአዲስ አበባ ቄራ እንኳ የሙስሊምና የክርስቲያን እርድ ለየብቻ የሚያካሂደው ይህንኑ ልማድ ተከትሎ ነው። የተለየው ድስት እንግዳው ሃይማኖቱን እንደያዘ ወደ ማዕድ እንዲቀርብ የተከፈተለት በር ነበር። «ዝም ብላችሁ ብሉ» የሚለው ወንድማችን ይህን በር ሳያውቅ እየዘጋው ነው። «አትሂዱ» የሚለውም እንዲሁ።

*የእኛ ተራ ሲሆንስ?*

አሁን ወደራሳችን እንመለስ። በ2016 ረመዷንና ሁዳዴ በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2፣ ጀመሩ። ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 2 ሲውል ጎረቤቶቻችን ገና ጾም ላይ ነበሩ። በ2017ም ዒዱ መጋቢት 21፣ እዚያው ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ለዒድ የጠራነው ጎረቤት ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀምስም ማለት ነው። ጾም ባልሆነ ወቅትም ቢሆን ያረድነውን አይበላም።

ከጁሙዓ መልስ እንግዳ መጥራት እንወዳለን። ዓርብ ግን፣ ከፋሲካ በኋላ ካሉት ሃምሳ ቀናት በስተቀር፣ የጎረቤታችን የጾም ቀን ነው። ስንቶቻችን አስበንበታል? ለእኛ በግ ገዝቶ ሙስሊም የጠራ ሰው እኛ ቤት ሲመጣ ለስላሳ ጠጥቶ ቢመለስ ውለታው የት ገባ?

ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ «ጾም ናችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ጎመኑን በዘይት መሥራት። ቅቤ ባልነካው ድስት፣ ሥጋ ወጥ ባልገባበት ጭልፋ። ሲቀርብም እንደዚያች በመይሙና ቤት እንደነበረችው ሴት የተሠራበትን በግልጽ መናገር። የሚጾም ሰው በምሳ ሰዓት ላይቀምስም ይችላልና ሰዓቱንም መጠየቅ። በይሉኝታ አፉን ዘግቶ የሚበላ ወይም ተርቦ የሚሄድ እንግዳ አይኑረን።

ቡናን አስታውሱ። ድሮ ቡና የእስላም ነው ተብሎ ክርስቲያኑ ይርቀው ነበር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ነገሩ እየላላ መጣ፤ ዛሬ ሁላችንም በአንድ ረከቦት ዙሪያ እንቀመጣለን። ሥጋው ተለይቶ ይኑር፣ ሃይማኖታችን ነው። ጎረቤት የሚጠራራበት ደጅ ግን እንዳይዘጋ አደራው በእኛ ትውልድ ላይ ወድቋል።

አላህ የእንግዳን ሐቅ የምናውቅ፣ የጎረቤትን ውለታ የምንመልስ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።