ከሰላም ዳኞች ወደ አካባቢ ምክር ቤት፦ የመጠጥና የጨዋታ ቤቶች ፈቃድ በእንግሊዝ

በእንግሊዝ ቢራ ቤት ለመክፈት ፈቃድ የማውጣት ግዴታ በ1552 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተጣለ ሲሆን፣ ሥልጣኑም «የሰላም ዳኞች» ለሚባሉት፣ ማለትም ያለ ደመወዝ በየአካባቢያቸው ሕግ እንዲያስከብሩ ዘውዱ ለሾማቸው ታላላቅ ሰዎች ተሰጠ። ባለፈቃዱ ሥርዓት እንደሚያስጠብቅና የተከለከለ ጨዋታ እንደማያስተናግድ በገንዘብ ዋስትና ይገባ ስለነበር፣ ፈቃዱ ከመጠጡ አልፎ ጨዋታንም ይገታ ነበር። በ1751 የወጣ ሕግ ደግሞ በለንደንና እስከ 20 ማይል ባለው ዙሪያዋ የሚገኙትን የሙዚቃና የጭፈራ ቤቶች በፈቃድ ሥር አዋለ።

የ1830ው የቢራ ቤቶች ሕግ ግን ግብር የሚከፍል አባወራ ሁሉ 2 ጊኒ፣ ማለትም 42 ሺሊንግ፣ ከፍሎ ዳኞችን ሳያስፈቅድ ቢራ እንዲሸጥ በመፍቀዱ ቢራ ቤቶች በአሥር ሺዎች በዙ፤ የዳኞቹ ቁጥጥር የተመለሰውም በ1869 ነበር።

በ2003 ወጥቶ በኅዳር 2005 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ የመጠጥና የመዝናኛ ፈቃድን ለተመረጡ የአካባቢ ምክር ቤቶች ሲያስተላልፍ፣ ውሳኔያቸው ወንጀልን በመከላከል፣ በሕዝብ ደኅንነት፣ ሁከትን በመግታትና ሕፃናትን በመጠበቅ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደነገገ፤ ከ2007 ጀምሮም የቁማር ቤቶች ፈቃድ ተጨመረላቸው። የዚህ ረጅም ሽግግር ታላቅ ፍሬ፣ የመጠጥ ቤቱን ጫጫታ የሚሸከመው ጎረቤት ተቃውሞውን ራሱ በመረጣቸውና ሊሽራቸው በሚችል ሰዎች ፊት የማሰማት መብት ማግኘቱ ነው።